ከአገሩ ያልወጣ ዛፍ፦ ስለ ብርብራ

(ለአቃቂ በሰቃ ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት ደረቅ ፍሬ የብርብራ ፍሬ ነው። ቀርቦ ማየትም መንካትም ይቻላል፤ መቅመስ ግን ክልክል ነው። በተለይ ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች አደራ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ስለ አንድ ዛፍ ለማውራት ይህን ያህል ሰው ከሥራው ማስቀረት ተገቢ ነው ወይ የሚል አይጠፋም። እኔ ተገቢ ነው ባይ ነኝ። አቃቂ የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ ሰው ከየአቅጣጫው እንጀራ ፍለጋ መጥቶ የሰፈረበት። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ብርብራን ጨርሶ የማያውቅ ጥቂት ነው ብዬ እገምታለሁ። ከጎጃምና ከጎንደር የመጣችሁ ዓሣ በማስከሩ ታውቁታላችሁ። ከጌዴኦ የመጣችሁ ዳዳቶ፣ ከሲዳማ የመጣችሁ ሄንገዲቾ ትሉታላችሁ፤ ለእናንተ የቡና ጥላ ነው። በጅማና በኢሉባቦር በኩል ደግሞ ሶጠሎ የሚሉት አሉ።

ይህ ሁላችሁም በየፊናችሁ የምታውቁት ዛፍ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ አይበቅልም። ኬንያም ሱዳንም የመንም የለም። ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ ብርቅዬነት ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ሲነገረን አድገናል። ብርብራም እኮ ከእነሱ ጋር የሚቆጠር ነው። ዛፍ ስለሆነና ስለማይሮጥ ይመስለኛል፣ ማንም አላስታወሰን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ብርቅ ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንቀላቅላለን፤ ቁጥሩ ያነሰውንና አገሩ የጠበበውን። በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከሶማሊያ ጋር በምንዋሰንበት ቀይ አሸዋማ መሬት ላይ፣ ይኢብ የሚባል ቁጥቋጦ አለ። እሱም የብርብራ ዘመድ ነው። ኮርዶዢያ ኤዱሊስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1907 ሲሆን፣ በወገኑ ውስጥ ከእሱ በቀር ሌላ ዝርያ የለም። ፍሬው እንደ ለውዝ ይበላል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ቀይ ቀለም የሰው እጅ ያቀላል፤ ቅጠሉን አዘውትረው የሚበሉ ፍየሎች ሲታረዱ አጥንታቸው ሳይቀር ቀልቶ ይገኛል። ይኢብ በሁለቱም መንገድ ብርቅ ነው፤ አገሩም ጠባብ ነው፣ ቁጥሩም አንሷል። ድርቁና ግጦሹ በአንድ በኩል፣ ዘሩ መሬት ሳይነካ ተለቅሞ መበላቱ በሌላ በኩል አመንምነውታል። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ለመጥፋት ከተጋለጡት ጋር መዝግቦታል።

ብርብራ እዚህ ደረጃ አልደረሰም። ከ1,000 እስከ 2,500 ሜትር ከፍታ ባለው የአገራችን ክፍል፣ በወንዝ ዳር፣ በደን ጠርዝ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢና በቡና ማሳ ውስጥ ዛሬም ይገኛል። እሱን ብርቅ ያደረገው አገሩ ነው። እዚህ ከጠፋ ሄደን ዘር የምንለምንበት ሌላ አገር የለም።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት አንድ በአንድ እየመዘገቡ ሲያሳትሙ ቆይተው ሥራውን በ2009 ጨርሰዋል። ወደ 6 ሺህ ከሚጠጉት የተመዘገቡ ዝርያዎች ከ10 አንዱ ያህል በሌላ አገር የማይገኝ ነው። ብርብራ ያለበት ክፍል በ1989 በወጣው 3ኛ ቅጽ ውስጥ ሲሆን፣ የጻፉት ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ማትስ ቱሊን ናቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ በቃሌ ልንገራችሁ።

ከቤተሰቡ ልጀምር። ብርብራ የአተርና የባቄላ ቤተሰብ ነው። ይህ ቤተሰብ በዓለም ላይ ከ19 ሺህ በላይ ዝርያ አለው። ሽሮ የሚሆነው ሽምብራና አተር፣ ምስሩ፣ አብሹ፣ ግብጦው፣ በየሜዳው የቆመው ግራር፣ ድግጣው፣ ቀንጣፋው ሁሉ የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የቤተሰቡን ጠባይ ለማየት ደግሞ ከአቃቂ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በዚህ ዙሪያ ባለው መረሬ አፈር ላይ ገበሬው ጤፍ ካነሣበት ማሳ ላይ ሽምብራ ወይም ምስር ወይም ጓያ ይዘራል። ለምን እንደሚያፈራርቅ ብትጠይቁት መሬቱ እንዲያርፍ ይላችኋል። ልክ ነው፤ መሬቱ ከማረፍም አልፎ ይቀለባል።

ሽምብራው ገና አረንጓዴ ሳለ አንድ እግር ከነሥሩ ቀስ ብላችሁ ንቀሉ፤ አፈሩን አራግፉት። በሥሩ ላይ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጡም የሚበልጡም እባጮች ታያላችሁ። በሽታ አይደሉም። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ከሆነ በሥራ ላይ ነው፤ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራውን አቁሟል። ሮዝ ያደረገው ነገር በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ቀይ ንጥረ ነገር ጋር የሚዛመድ ነው። በእባጩ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስደው ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ ይለውጡታል። ተክሉ በበኩሉ ስኳር ይመግባቸዋል። ሰው ይህንኑ ሥራ በዩሪያ ፋብሪካ ሲሠራ በብዙ ሙቀትና ግፊት ነው። ሽምብራው ዝም ብሎ ይሠራዋል፤ ብርብራውም እንዲሁ። በጌዴኦና በሲዳማ ገበሬው ቡናውን ከሥሩ የሚተክለው ለጥላው ብቻ አይደለም፤ የሚረግፈው ቅጠል አፈሩን ስለሚያለማ ጭምር ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዋናው ምክንያት ዛፍን፣ እንሰትንና ቡናን አዋሕዶ የያዘው ይኸው የአስተራረስ ጥበብ ነበር።

አሁን ወደ ዛፉ እንቅረብ። ብርብራ እስከ 25 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያድጋል። አናቱ ሰፊ ነው፤ ጥላው ደግሞ ድፍን ሳይሆን ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ከሥሩ ሌላ ነገር ማብቀል ይቻላል። ቅጠሉን ስትመለከቱ አንድ ቅጠል የሚመስላችሁ ነገር የአንድ ቅጠል ቁራጭ ብቻ ነው። ሙሉው ቅጠል አንድ ረጅም ዘንግ ሲሆን፣ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰድረውበታል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ አንድ ብቻውን ይወጣል። ስለዚህ ቁጥራቸው ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። ግራርን ከብርብራ ለመለየት ከርቀት እንኳ ይኸው ይበቃል፤ የግራር ቅጠል እጅግ ደቃቅና ድርብርብ ነው፣ ብርብራ ደግሞ እሾህ የለውም። የለጋውን ቅጠል ጀርባ ገልብጣችሁ ብታዩት የዛገ ብረት የሚመስል ቡናማ ጠጉር አለበት። የሳይንስ ስሙ ሚሌቲያ ፌሩጂኒያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል ይህንኑ የዝገት ቀለም የሚያመለክት ነው።

አበባው በዘለላ ይንጠለጠላል፤ ቀለሙ ሐምራዊ፣ አንዳንዴም ፈዘዝ ያለ ነው። ንብ ይወደዋል። አንዷን አበባ ለብቻዋ ይዛችሁ ብትፈቱ አምስት ቅጠል ታገኛላችሁ። ከላይ የቆመው ትልቁ ሰንደቅ ይባላል፤ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ ክንፍ፤ ከታች ተጣብቀው ያሉት ሁለቱ ታንኳ። ወንዴውም ሴቴውም በታንኳው ውስጥ ተደብቀዋል። ንቧ ክንፎቹ ላይ አርፋ ስትጫን ታንኳው ዝቅ ይልና የአበባው ዱቄት ሆዷን ይነካል። የአተር አበባንም ብትፈቱ ይህንኑ ታገኛላችሁ፤ ሠላሳ ክንድ የሚሞላው ዛፍና ከጉልበት የማያልፈው አተር በአበባቸው አንድ ናቸው። የዕፅዋት ሊቃውንት ዝምድናን የሚቆጥሩት በቁመት ሳይሆን በአበባና በፍሬ የሆነው ለዚህ ነው።

ፍሬው ከስንዝር የማያንስ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ ነው፤ ላዩ ቡናማ ጠጉር ስላለው ሲዳሰስ ይለሰልሳል። ቅርፊቱ ሁለት ገበር አለው። ሲደርቅ ሁለቱም ገበሮች በሰያፍ ይኮማተራሉ፣ አንዱ በአንድ አቅጣጫ፣ ሌላው በተቃራኒው። መጣመም ይፈልጋሉ፤ ስፌቱ ግን ይዟቸዋል። ፀሐይ በበረታበት ቀን ስፌቱ ሲሸነፍ ፍሬው ጧ ብሎ ይፈነዳል፤ ሁለቱ ቅርፊቶች እየተጠማዘዙ ወዲያና ወዲህ ሲወድቁ ዘሩ ተወርውሮ ይሄዳል። ከሥሩ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ሰው ይደነግጣል። ዘሩ ጥቂት ነው፤ ግን ትልልቅ ነው፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ።

መቅመስ ክልክል ነው ያልኩት ይህን ዘር ነው። ናይትሮጅን ያለው ተክል ፕሮቲን ይሠራል፤ የጥራጥሬ ዘር ገንቢ የሆነው ለዚህ ነው። ገንቢ ዘር ደግሞ ነቀዝም፣ አይጥም፣ ዝንጀሮም፣ ሰውም ይመኘዋል። ስለዚህ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ዘሩን በመርዝ የሚጠብቅ ብዙ ነው። እኛ ያን መርዝ በብዙ ሺህ ዓመት ምርጫ ከሽምብራና ከምስር አስወጥተናል፤ ግብጦን በውሃ አስምጠን እናስለቅቀዋለን። ጓያ ግን እስከ ዛሬ አልተላቀቀም። በድርቅ ዘመን ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ብቻ ለወራት የበላ ሰው እግሩ ይታሰራል፤ በጣና ዙሪያ በደምቢያና በፎገራ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ብዙ ሰው እንዲህ ሽባ ሆኗል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ይህን በሽታ በሰፊው አጥንተውታል። እዚህ አቃቂም ጓያ ይዘራልና ዕወቁት፤ ለብቻው የዘወትር ምግብ መሆን የለበትም።

የብርብራ መርዝ ዋናው ሮቴኖን ይባላል። አሜሪካዊው ኬሚስት ክላርክ የብርብራን ዘር መርምሮ በውስጡ ሮቴኖንና ተዛማጆቹ መኖራቸውን እ.ኤ.አ. በ1943 አሳትሟል። በእኛም አገር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር የሰሜኑንና የደቡቡን ብርብራ ኬሚካሎች አነጻጽረው በ1989 አውጥተዋል። ሮቴኖን የሚሠራው እንዲህ ነው፦ በእያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ ውስጥ ምግብን በኦክስጅን አቃጥሎ ጉልበት የሚያወጣ ማይቶኮንድሪያ የሚባል ክፍል አለ። ሮቴኖን የዚያን ሥራ ገና ከመጀመሪያው እርከን ላይ ይዘጋዋል። ኦክስጅን ሞልቶ ሳለ ሕዋሱ ሊጠቀምበት አይችልም። ዓሣ በስንጥቡ ውሃን በቀጥታ ወደ ደሙ ስለሚያገናኝ መርዙ ወዲያው ይገባበታል፤ ሲፈዝ፣ ሲዞር፣ ሆዱን ወደ ላይ ሰጥቶ ሲንሳፈፍ ሰው ሰከረ ይላል። ስካር አይደለም፤ መታፈን ነው። ሮቴኖን ተባይን ስለሚገድል የብርብራ ዘር ዱቄት በበቆሎ ነቀዝ ላይ ተሞክሮ ውጤት አሳይቷል።

በገጠር የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። ዘሩ ይወቀጣል፣ ወንዙ በጋ ገብቶ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ይበተናል፣ ዓሣው ሲንሳፈፍ ይለቀማል። ወንዝ ዳር ላለ ድሃ ቤተሰብ በዓመት አንዴ የሚገኝ ወጥ ነበር፤ የትናንቱን ሰው አልፈርድበትም። የዛሬው ግን ሌላ ነው። በጣና ሐይቅ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ነጭ ዓሣ የሚባሉ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ ክረምት ሲወጣ ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ብርብራ የሚበተነው እዚያው፣ ዓሣው እንቁላል ተሸክሞ በተሰበሰበበት ጊዜ ሲሆን የሚጠፋው የዕለቱ ዓሣ ብቻ አይደለም። አገሩን ለቅቆ የማያውቅ ዛፍ አገሩን ለቅቆ በማያውቅ ዓሣ ላይ እንዲህ ይዘምታል፤ እጁን ያበደረው ሰው ነው።

የአቃቂን ወንዝ ግን በብርብራ አታሳብቡ። ዓሣውን ያሳደደው የከተማው ፍሳሽና የፋብሪካው ዝቃጭ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ተሸክመው አባ ሳሙኤል የሚያራግፉትን ነገር እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ፤ ሽታውን እንኳ።

ስለ ታሪኩ ባጭሩ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ኑሮውን ትግራይ አደረገ፤ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ዕፅዋት እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ ሲልክ ኖረ። ጀርመን የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ሆክሽቴተር በ1846 ዛፉን ሲመዘግብ ወገኑን ራሱን በሕዝቡ አጠራር ቤሬቤራ ብሎት ነበር። በኋላ፣ በ1871፣ እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ቤከር ከሌሎች የሞቃት አገር ዘመዶቹ ጋር ሚሌቲያ ወደሚባለው ቀዳሚ ወገን አዛወረው። ዓድዋን ካነሣሁ አይቀር፣ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ያስተዋሉት እዚያው ዓድዋ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር ነው። እንዶድ ከሌላ ቤተሰብ ነው፤ ነገሩ ግን ይመሳሰላል።

ለእናንተ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው። ብርብራ ሁለት ንዑስ ዝርያ አለው። አንደኛው የሰሜኑ ነው። ሁለተኛው ዳራሳና የሚባለው የደቡቡ ሲሆን ስሙን ያገኘው ጌዴኦ ቀድሞ ይጠራበት ከነበረው ስም ነው። በሁለቱ መካከል፣ በሸዋ፣ በወለጋ፣ በኢሉባቦርና በከፋ፣ ጠባያቸው የተደባለቀ ዛፎች ይገኛሉ። አቃቂ በሸዋ ምድር ናትና በዚህ አካባቢ ብርብራ ብታገኙ ሰሜኔ ነው ደቡቤ ነው ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም። ግን ለዘር ጥበቃ እንዲህ ያለው መሐል ቦታ እጅግ ውድ ነው፤ የሁለቱም ወገን ቅይጥ የሚገኝበት ስለሆነ። ለተክል የሚሆን ዘር ከሩቅ ከማስመጣት ከቅርቡ መውሰድ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ቆርችንም ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ወለንሱ የሚሉት፣ ቅጠሉ ሳይወጣ በብርቱካንማ ቀይ አበባ የሚነደው ዛፍ ነው። እሱም የአተር ቤተሰብ ነው፤ የኢትዮጵያ ብቻም ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ስኮትላንዳዊውን ተጓዥ ጄምስ ብሩስን የሚያስታውስ ነው። ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ መሬት ብትተክሉት ያቆጠቁጣልና አጥር ለሚያጥር ሰው ከደረቅ እንጨት ይሻላል፤ ምስጥ አይበላውም፣ በየዓመቱም አይታደስም።

የቀረኝ የአተካከሉ ነገር ነው። የብርብራ ፍሬ ቡናማ ሆኖ ሳይፈነዳ ይለቀማል፤ ከፈነዳ በኋላ ዘሩን ሣር ውስጥ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ፍሬውን ጆንያ ውስጥ ከትታችሁ አፉን አስራችሁ ፀሐይ ላይ ብታኖሩት እዚያው ውስጥ ይፈነዳል። የግራር ዘር ቅርፊቱ ደንዳና ስለሆነ ሙቅ ውሃ ወይም መፋቅ ይፈልጋል፤ ብርብራ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ትኩሱን ዘር ወዲያው ዝሩት፤ አታቆዩት። በፕላስቲክ ከረጢት አፍልታችሁ ክረምቱ ሲጠና ወደ መሬት አዛውሩት። የአቃቂ መረሬ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃልና ረባዳ ቦታ ላይ አትትከሉ፤ ተዳፋት፣ የቦይ ዳር፣ የወንዝ ዳር ምረጡ። ችግኙን ከፍየል ጠብቁት። ዘሩን ደግሞ ከልጆች አርቁት፤ የተረፈውን ወንዝ ውስጥ አትጣሉት። ስለ አገር በቀል ዛፎች አፈላል የበለጠ ማወቅ የሚፈልግ የፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽን መጻሕፍት ይፈልግ።

አቃቂን ዙረን ብናያት አጥሩም፣ ቤቱም፣ ማገዶውም ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን አልረግምም፤ አዲስ አበባ ያለ እሱ በማገዶ እጦት በተሰደደች ነበር። ነገር ግን ባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ እዚህ ቢጠፋ እዚያ አለ። በሚቀጥለው ክረምት ችግኝ ለመትከል ስትወጡ፣ ከአሥሩ አንዱን ጉድጓድ ለብርብራ ተዉለት።